ከዐውደ ምሕረት ከመነገሩ በፊት
(በሸዋ ሮቢት ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች ከቀረበ ንግግር)



ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በስምጥ ሸለቆ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥት በአዋሽ ፈንታሌና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ ወደ 80,000 ሰዎችን ከአደጋው ቀጣና ማንሣት እንደጀመረ አስታወቀ። እኛ የይፋት ሰዎች ይህን ስንሰማ የምንፈራው በከንቱ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት በካራቆሬ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል።

እንግዲህ «ነገ ሌሊት በዚህ ሰዓት መሬት ይናወጣል» የሚል መልእክት በስልካችን ቢደርሰን ምን እናደርጋለን? የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መተንበይ የሚችል ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። የፈራ ሰው ግን ይህን አይመረምርም፤ ማሽላውን በአውድማ፣ ከብቱን በበረት ጥሎ ይሸሻል።

ሬዲዮና ጋዜጣ የሚጠየቅ ባለቤት አላቸው፤ ቢሳሳቱ እርማት ይጠየቃሉ። ሲዘገዩና ዝም ሲሉ ግን ሕዝቡን ወደ ስልኩ የሚገፉት ራሳቸው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለችበት ወቅት የዘመዱ ነገር ያስጨነቀው ሰው የምሽቱን ዜና ሊጠብቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያን የሚያምነውን ምእመን አንውቀሰው። ነገር ግን ከእውነተኛው ወሬ ጋር የቆየ ፎቶግራፍና የበቀል ጥሪ ተደባልቆ ሲመጣ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይለት ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚቆመው ነው። ሕዝቡ ፊቱን ያውቀዋል፤ ቃሉንም ያምናል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ኃላፊነቱም በዚያው ልክ ከባድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አንድ ካህንና አንድ ወጣት ወሬ አጣሪ አድርጎ እንዲሰይም አሳስባለሁ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዐይኑ ያየው ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች የሚሰጡትን መግለጫ ይከታተሉ። ወሬው ስለ ጎረቤት ሙስሊም ወንድሞቻችን ከሆነ፣ አስቀድመው ለአገር ሽማግሌዎቻቸው ይደውሉ። ያልተረጋገጠውን «አልተረጋገጠም» ብሎ መናገር አያሳፍርም። ተሳስተን ከሆነም በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆመን እናርም፤ አመኔታ የሚጸናው እንዲህ ነውና።

እግዚአብሔር አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።