በጣሳ የተተከለ አትክልት ርጥበቱ እንዴት ይጠበቅ?



ዛሬ የምንናገረው በየደጃችንና በየበረንዳችን በጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን ስለተከልናቸው ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ቡና ሲፈላ ጤና አዳሙ ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ጣሳ ነው እኮ። በዚያ ላይ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው አንዲት ኩባያ በከንቱ ስትፈስ ታሳዝናለች።

በመሠረቱ የጣሳን ተክል የሚጎዳው የውኃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ተጥለቅልቆ ሳምንቱን ሙሉ መድረቁ ነው። መሬት ላይ ያለው ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ርጥበት ይፈልጋል። የጣሳው ግን ወዴት ይሄዳል? ያለችው አፈር ያችው ናት።

አፈሩ፣ በተለይም ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ክፉኛ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከጣሳው ጎን ይላቀቃል። ያን ጊዜ ቢያጠጡት ውኃው በጎን በጎን ወርዶ በቀዳዳው እልም ይላል። ላዩ ርሶ ይታያል፤ ውስጡ ግን ዱቄት ነው። እንዲህ የሆነውን ጣሳ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋው እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያ አውጥቶ ማንጠፍጠፍ ነው። ሳፋ ከሌለ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ እያሳረፉ ማጠጣት።

ደግሞም ቅጠል ጠወለገ ማለት ሁልጊዜ ውኃ ጠማው ማለት አይደለም። ሥሩ በውኃ ብዛት አየር አጥቶ ሲበሰብስም ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ በላዩ ሌላ ውኃ ከተጨመረበት አለቀለት። ስለሆነም አስቀድሞ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት ነው። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ከደረቀ በታች በኩል እስኪወጣ አጠጡት። የዕድር መዋጮ ለሁሉም እኩል ነው፤ ውኃ ግን እንደዚያ አይደለም። በሶብላ ርጥበት ይወዳል፤ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል አፈራቸው ጠፈፍ ሲል ይስማማቸዋል።

ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ሲደርቅ አይጣል፤ አፈሩን ብናለብስበት የበጋውን ፀሐይና ነፋስ ይከላከልልናል። የቡና አተላ ግን አይከመርበት፤ ደርቆ ይጋገርና ውኃ አያሳልፍም። የምስርና የሩዝ እጣቢ ይሆናል፤ ሳሙና ወይም ጨው የነካው አይሆንም።

ለሐዘንም ሆነ ለሌላ ጉዳይ አገር ቤት የሚሄድ አባል፣ የጥጥ ጨርቅ በቀጭኑ ቀዶ ያርጥብና አንዱን ጫፍ ውኃ በሞላበት ሃይላንድ ውስጥ ይክተት፣ ሌላውን ጫፍ በጣሳው አፈር ይቅበር። ሃይላንዱ ከጣሳው አጠገብ ይቁም። ጨርቁ እየመጠጠ ያደርስለታል።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናብ ከሚያገኛቸው ጣሳዎች ሥር ሰሃኑን አንሡ፤ ቀዳዳው በጭቃ እንዳይደፈንም በስንጥር ጎርጎር አድርጉት።