የጌጥ ሰዋስው
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ በ1809 ለንደን ተወልዶ በ1874 ስላረፈው የሕንፃ ባለሙያ፣ ስለ ኦወን ጆንስ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆንስ በወጣትነቱ ግብፅንና ቱርክን ከጎበኘ በኋላ፣ በ1834 ዡል ጉሪ ከሚባል ፈረንሳዊ ባልንጀራው ጋራ በስፔን አገር ወደ ግራናዳ ሄደ። በዚያ የሙስሊም ነገሥታት ያሠሩት አልሐምራ የተባለ ቤተ መንግሥት አለ። ሁለቱም ግድግዳውን እየለኩ፣ ጌጡን እየነደፉ ሳሉ ጉሪን ኮሌራ ገደለው። ጆንስ ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1837 ተመልሶ ቀሪውን ፈጸመ። መጽሐፉንም ከ1836 እስከ 1845 በክፍል በክፍል አሳተመ።

ታዲያ ከአልሐምራ ምን ተማረ? ያ ሁሉ ሐረግና ኮከብ እንዲያው በዘፈቀደ የተሣለ አይደለም፤ ከመሥመርና ከክብ የተወለደ ነው። ሰማያዊው፣ ቀዩና ወርቁም እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል።

ይህን ትምህርት በሥራ ላይ ያዋለው በ1851 ነው። በዚያ ዓመት ለንደን ላይ ለተደረገው ታላቅ ዐውደ ርእይ ክሪስታል ፓላስ የተባለ የብረትና የመስተዋት አዳራሽ ሲሠራ፣ የውስጡ ቀለም ለጆንስ ተሰጠ። እርሱም ጎድጓዳውን ሰማያዊ፣ ጎባጣውን ቢጫ፣ የአግዳሚውን ሥር ቀይ አደረገ። ጋዜጦች ገና ሳያልቅ ነቀፉት፤ እርሱ ግን ዓላማውን አልለቀቀም። በሩ ሲከፈት ነቀፌታው ወደ ምስጋና ተለወጠ።

በ1856 «የጌጥ ሰዋስው» የተባለውን ትልቅ መጽሐፉን አወጣ። የግብፅን፣ የፋርስን፣ የህንድን፣ የቻይናን ጌጥ በቀለም አሳይቶ 37 መርሖችን ደነገገ። ነገር ግን ዓላማው ያንን ሁሉ እንድንገለብጥ አልነበረም። የዘመኑ ሠዓሊዎች ያለፈውን መገልበጣቸውን ትተው ሕጉን እንዲፈልጉ ነበር። ስለዚህም የመጨረሻውን ምዕራፍ ለሌላ ሕዝብ ጌጥ ሳይሆን ለተፈጥሮ ቅጠልና አበባ ሰጠው።

እውነት ነው፣ ራሱ ጆንስ በ1854 በሲድንሃም የአልሐምራን አደባባይ አምሳያ ሠርቷል። ነገር ግን ያ ለሕዝብ ማስተማሪያ ነበር። መኖሪያ ቤትና መሥሪያ ቤት ሁሉ አልሐምራን እንዲመስል አላስተማረም።

ጓደኞቼ፤ የሌላውን ሥራ ማድነቅ ውርደት አይደለም፤ ሳይመረምሩ መገልበጥ ግን ስንፍና ነው። ከመካከላችን ነገ ሕንፃ የሚነድፍ፣ ጨርቅ የሚያሸበርቅ ወይም መጽሐፍ የሚያስጌጥ ቢኖር፣ ያማረ ነገር ባየ ጊዜ «ይህን እንዴት ልቅዳ?» ከማለት በፊት «ይህ ስለምን አማረ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰዋስው የምንማረው የሰውን ዐረፍተ ነገር ለመድገም ሳይሆን የራሳችንን ለመናገር ነውና።