ስለ ማሳችን አይጦች መኖሪያና ምግብ፤ ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር



ስለ አይጥ እናገራለሁ ስል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ገበሬው ግን አይስቅም፤ የዓመት ልፋቱን ከማሳውም ከጎተራውም ትካፈለዋለችና። መርዝ ይበተንባት የሚል ብዙ ነው። እኔ የምለው፥ ከመርዙ በፊት ሌባው ይታወቅ ነው።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። አየሩ፣ ሣሩና አዝመራው ሲለወጥ የአይጡም ወገን ይለወጣል።

ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 የሰየማቸው ሁለት የሀገራችን አይጦች ምሳሌ ይሁኑን። አርቪካንቲስ አቢሲኒከስ የደጋ ሣር አይጥ ነው፤ በቀን ይወጣል፤ በሣሩ መካከል መተላለፊያ ያበጃል፤ ምግቡም በብዛት ሣርና ቅጠል ነው። እግረ ነጩ አይጥ ግን ጫካና ቁጥቋጦ ይወዳል፤ የሚወጣውም በሌሊት ነው። ጠጉረ ሻካራው ሎፉሮሚስ ጉንዳንና ሌሎች ነፍሳትን ይለቅማል። ፍልፈል ከመሬት ውስጥ ሥራሥር ይቆረጥማል። ከእህል ጠላቶች ዋነኛው ማስቶሚስ ነው፤ ሌሊት ማሳ ገብቶ ዘር ይበላል፤ እናቲቱም ባንድ ጊዜ ዐሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች።

ይህ በምን ታወቀ? «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይላል ተረታችን፤ ተመራማሪው ግን ምስክር የሚያደርገው የራሷን ጨጓራ ነው። ማታ ወጥመዱ በኦቾሎኒ ቅቤ ይጠመዳል፤ ጧት የተያዘው ይመዘናል፤ ጾታውና የተያዘበት ስፍራ ይጻፋል። በጨጓራው ያለው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅጠሉ፣ ዘሩና የነፍሳቱ ስባሪ ይለያል።

ለወሎ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አፈራችንን የሚያድነው የድንጋይ እርከን ለአይጥም ቤት ይሆናል። በትግራይ ማሳዎች የተደረገ ጥናት፥ እርከን በተቀራረበበት አይጥ መብዛቱን አሳይቷል። እንግዲህ እርከኑ ይፍረስን? አይፍረስ። በላዩ የበቀለው አረም ይመንጠር፤ ማስቶሚስ የሚራባው ዝናብን ተከትሎ ነውና፥ ሳይበዛ ገበሬዎች በአንድነት ይዝመቱበት። አንዱ አጥፍቶ ጎረቤቱ ቢተው ልፋቱ ከንቱ ነው።

መርዝ እንዲሁ ቢበተን ግን የተመረዘውን አይጥ የሚበላው ጉጉትና ጭልፊትም ይሞታል። በቦረና ሳይንት የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ዋነኛ ምግቡ የደጋ አይጥ ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ ጉድጓዱን፣ የሚወጣበትን ሰዓት፣ የተበላውን አዝመራ ጻፉ። ገበሬውንም ጠይቁት፤ ከኛ በፊት ሲመለከት የኖረ እርሱ ነው።