ሳይቃጠል በቅጠል፦ የትናንሽ ከተሞች የጤና አደጋ ዝግጅት



በትንሽ ከተማ አብዛኛው ነገር አንድ ብቻ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ ከነፓምፑ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አንድ መንገድ፣ ብዙ ሰው ሊያስጠልል የሚችል አንድ ትምህርት ቤት ይኖራል። በደኅናው ቀን ይህ ይበቃል። በአደጋ ቀን ግን አንዱ ሲጓደል ሌላውም አብሮ ይጓደላል፤ ድልድዩ ሲወሰድ አምቡላንሱ ይቆማል፤ መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣም ይሞቃል። ስለዚህ ዝግጅት ለትልልቅ ከተሞች የሚተው ሥራ አይደለም። ሁለተኛ አማራጭ የሌለው ከተማ አስቀድሞ ማሰብ ይበልጥ ይጠበቅበታል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ለዚህ ምስክር ነው። አስቀድሞ በተናደው አፈር የተቀበሩ ቤተሰቦችን ለማውጣት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲቆፍር፣ ኮረብታው ዳግመኛ ተንዶ ረጂዎቹን ቀበረ። በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ወገናቸውን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። ለወገን መድረስ የሚመሰገን ምግባር ነው፤ ሆኖም የሚመራው ሥርዓት ሊኖር ይገባል። በዝናብ ወቅት አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ደግሞ ሊናድ ይችላል። ተዳፋት ሥር ያለ ከተማ በዕቅዱ ላይ ቁፋሮውን ማን እንደሚያዝ፣ ተዳፋቱን እየተመለከተ በፊሽካ የሚያስጠነቅቀው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው ብቻ እንደሚገባና ሌላው ሕዝብ የት ርቆ እንደሚቆም አስቀድሞ ሊጽፍ ይገባዋል።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ ደግሞ ስለ ማስጠንቀቂያ ያስተምራል። የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያች ሌሊት ግን በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ ነዋሪው በተኛበት ደረሰ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ጎርፍ ከተማ ከመድረሱ በፊት በላይኛው ቀበሌ ይታያል። ስለዚህ በወንዝ ዳር ያለች ከተማ ከላይ ካሉ ቀበሌዎች ጋር በስልክ የምትገናኝበት መንገድና በሌሊትም ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ያስፈልጋታል። ደወልም ሆነ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ምልክቱ አንድና አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ሕፃን እንኳ ያንን ሲሰማ ወደ የትኛው ከፍታ እንደሚሮጥ ማወቅ አለበት።

ጎርፉ ወይም ናዳው ካለፈ በኋላ ሁለተኛው አደጋ ይጀምራል። መጸዳጃ ቤቶች ሲሞሉና ጉድጓዶች ሲበከሉ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ይከተላል። ሰው በአንድ አዳራሽ ሲታጨቅ ኩፍኝና የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ይዛመታሉ። ውሃው ከተኛ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ወባ ይመጣል። እነዚህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ስሌት ቀላል ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይታሰባል። በትምህርት ቤት 300 ሰዎች ቢጠለሉ በየቀኑ 4,500 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 225 ጀሪካን ያስፈልጋል ማለት ነው። መጸዳጃም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው ቢያንስ አንድ፣ ቀስ በቀስም ለ20 ሰው አንድ ሊሆን ይገባል። ይህን ውሃ ማን ያመጣል? በየትኛው መኪና ወይም ጋሪ? የማከሚያው ክሎሪን የት ተቀምጧል? መጸዳጃው ከውሃው ርቆ የሚቆፈረው የት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል።

አደጋው በወረርሽኝ ዘመን ሲደርስ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ክረምት የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በአፋር ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። ወረርሽኙ «ተራራቁ» ሲል ጎርፉ ሰውን ወደ አንድ መጠለያ ሰበሰበ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ትልቅ አዳራሽ ከመሙላት ይልቅ ብዙ የመማሪያ ክፍሎችን መጠቀም፣ ቤተሰብን ከቤተሰቡ ጋር ማቆየት፣ መስኮቶችን መክፈት፣ በየበሩ የእጅ መታጠቢያ ማኖርና የሚያስለው ሰው የሚለይበትን አንድ ክፍል ማዘጋጀት ይገባል። ሆኖም በሽታን ፈርቶ ጎርፍ በሚመጣበት ቤት መቅረት አይገባም፤ ወዲያውኑ ከሚገድለው አደጋ መሸሽ ይቀድማል።

የከተማ ዕቅድ ትልቁ ሀብት የስም ዝርዝር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ ያለውን ታውቃለች፤ ዕድሩም አባላቱን በስም ይጠራል። ሁለቱ ተባብረው መንቀሳቀስ የማይችሉ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰ እናቶችንና መድኃኒት የማያቋርጡ ሕሙማንን ሊመዘግቡ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ስም በአደጋ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ጎረቤት ይመደብ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሳይሆን ቀደም ብለው መተካት ይኖርባቸዋል። የመውለጃቸው ወር የገባ እናቶች መንገድ ከመዘጋቱ በፊት በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቢገቡ ሁለት ሕይወት ይጠበቃል። የሕሙማን ዝርዝር የግል ምስጢር በመሆኑ በጤና ባለሙያው እጅ ብቻ ይቀመጥ።

ስለ ሟቾችም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በጎርፍ ወይም በናዳ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው መሠረት የለውም። ስለዚህ ሟቾችን ማንነታቸው ሳይለይ በጥድፊያ በጅምላ መቅበር አያስፈልግም፤ ቤተሰብ ወገኑን ለይቶ በክብር እንዲቀብር ጊዜ ይሰጠው። ከዚህ የሚለየው በኮሌራ ወይም እንደ ኢቦላና ማርበርግ ባሉ በሽታዎች የሞተ ሰው ነው። በዚህ ጊዜ አስከሬኑን ማጠብና መገነዝ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ይተዋል። ዕድሮች ይህን ልዩነት አስቀድመው ለአባላት ካስረዱ፣ በኀዘን ሰዓት ጠብና ጥርጣሬ አይነሣም።

በአደጋ ጊዜ ወሬ ከጎርፍ ይፈጥናል። ከተማው ለሕዝብ የሚናገር አንድ ሰውና አንድ ተተኪ ይሰይም፤ ያልታወቀውንም «ገና አልታወቀም» ለማለት አይፈር። ያልተለመደ ሕመም ወይም ሞት ያየ ሰው ለጤና ጣቢያው ወይም በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ሳይዘገይ ያሳውቅ።

ይህ ሁሉ ወፍራም ሰነድ አይጠይቅም። ኃላፊዎቹ ከነተተኪዎቻቸው፣ መጠለያው፣ የውሃው ምንጭ፣ የማስጠንቀቂያው ምልክትና የስልክ ቁጥሮቹ በአንድ ገጽ ተጽፈው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያውና በየዕድሩ ቤት ይለጠፉ። በወረቀት የቀረ ዕቅድ ግን ማንንም አያድንም። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ ምልክቱ ተሰምቶ ሕዝቡ ወደ መጠለያው ይሂድ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀና ማን እንደቀረ ይታይ፤ የተገኘው ጉድለትም ያኔውኑ ይታረም።

በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን እየጠረገ ቆሻሻውን በማቃጠል ያስበዋል። ጢሱ በሽታ ባይከላከልም፣ አንድ ሕዝብ የመከራን ትዝታ ወደ ዓመታዊ የጋራ ሥራ ሊለውጥ እንደሚችል ያሳያል። በየከተማው የግንቦት ልምምድም እንዲሁ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልማድ ሊሆን ይችላል። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ የስም ዝርዝሩን መጀመር ነው።