የአዝማሪው ወንዝና የጃፓን መንገድ
የከበደ ሚካኤልን ሥራዎች አንድ ላይ ስለ ማንበብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ለማኅበሩ አባላትና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር




በሐምሌና በነሐሴ ከአጠና ተራ ወደ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ ለሚመላለስ ሰው ጎርፍ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከእንጦጦ ምዕራባዊ ትከሻና ከወጨጫ በኩል የሚወርደው ውሃ በየሸለቆው እየተሰበሰበ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ደብተሩን በደረቱ አቅፎ፣ ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆሞ የሚጠብቅበት ሥፍራ ዛሬም አይጠፋም። ይህ ልጅ እንደዚያ ቆሞ ሲጠብቅ ከአባቱ ወይም ከመምህሩ የሰማው አንድ ግጥም ትዝ ቢለው አያስደንቅም።

ግጥሙ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ነው፤ ደራሲውም ከበደ ሚካኤል ናቸው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ አዝማሪ ከሞላ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ ወንዙ ጎድሎ እንዲያሳልፈውም ይዘፍንለታል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ግን ድካሙ ከንቱ መሆኑን ያስረዳዋል፤ ምስጋናውን የተቀበለው ውሃ ወርዶ አልፏል፤ አሁን በፊቱ ያለው ሌላ ውሃ ነውና። ይህን ግጥም በልጅነቱ በቃሉ ያጠና ሰው ብዙ ነው። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ ድልድይ የሚነድፉ፣ የመንገድ ጎርፍ መውረጃ የሚያሰሉ አሉ። ታዲያ አዝማሪውን በቃላቸው ከያዙት ከእነዚሁ ሰዎች መካከል፣ የዚያኑ ደራሲ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ ስንቱ ገልጦት ይሆን? የዛሬው ንግግር ዓላማ ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማኖርና አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ መሆኑን ማሳየት ነው።

ከበደ ሚካኤል በሰሜን ሸዋ በመንዝ ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቤተ ክህነትን ትምህርት ከፈረንሳይኛ ትምህርት ጋር ያጣመሩ፣ በመንግሥት ሥራም ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ብዕራቸው በአንድ ዓይነት ጽሑፍ አልተወሰነም። ለወጣቶች «ታሪክና ምሳሌ»ን በግጥም ጻፉ፤ ለመድረክ «የትንቢት ቀጠሮ»ን፣ «አኒባል»ንና «ካሌብ»ን አቀረቡ፤ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ መለሱ። በሌላ በኩል ደግሞ «ታላላቅ ሰዎች»ን፣ በ1941 ዓ.ም. «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»ን፣ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። ልብ ወለዱን ከእውነተኛው ታሪክ፣ የልጁን መጽሐፍ ከአዋቂው መጽሐፍ ጋር በአንድ እጅ የያዘ ደራሲ በአማርኛ ብዙ አይገኝም።

አንባቢው ግን ይህን አንድ እጅ ለሁለት ከፍሎታል። ምሳሌዎቹ የልጅነት ንብረት ሆነው ቀሩ፤ አዋቂው በፈገግታ ያስታውሳቸዋል እንጂ ተመልሶ አያነባቸውም። የታሪክና የሥልጣኔ መጻሕፍቱ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ጌጥ ሆኑ፤ ተማሪው ስማቸውን ለፈተና ያውቃል፤ መሐንዲሱ ግን ለሙያው የሚጠቅመው መጽሐፍ በአማርኛ አለ ብሎ አያስብም። ይህ መከፋፈል ደራሲውን አጉድሏል፤ ከደራሲው ይልቅ ግን የተጎዳው አንባቢው ራሱ ነው።

ቁልፉ «ታሪክና ምሳሌ» በሚለው ርእስ ውስጥ ይገኛል። ይህ ስያሜ የአንድ መጽሐፍ ስም ብቻ ሳይሆን የደራሲው የሕይወት ሙሉ ሥራ ካርታ ነው። ምሳሌ ማለት ሰው ድካሙን በሌላ ፍጡር ላይ አይቶ የሚያፍርበት መስተዋት ነው፤ ታሪክ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያንኑ ድካም እንዴት እንዳለፉት የሚያሳይ መንገድ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው «ና» ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ያለ እርሷ ሁለቱም አይቆሙም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ከምሳሌው እንነሣ። ከበደ ሚካኤል በተረቶቻቸው የኤዞፕንና የላ ፎንቴንን መንገድ ተከትለዋል። ኃይላቸውም ስሕተቱን በጥቂት ስንኝ እርቃኑን ማስቀረት ላይ ነው። አዝማሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍም አይባልም፤ በሙያው የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ስሕተቱ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር አለመገናኘቱ ነው። ለጌታ የሚሠራው ዘፈን ለወንዝ አይሠራም። ይህን ልጅ እንኳ ይረዳዋል፤ ረድቶትም ይስቃል።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ከወንዙ ዳር አያልፍም። አላፊው ሰው እውነቱን ነግሮ መንገዱን ይቀጥላል፤ አዝማሪው ግን አሁንም በዚያው ነው። ምሳሌ ሥራው ይህ ስለሆነ በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን ልጁ አድጎ መሐንዲስ ሲሆን የሚቀጥለው ጥያቄ የእርሱ ነው፤ ወንዙ የማይሰማ ከሆነ ምን ይደረግ?

መልሱ በስሌት ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ተዳፋት ይታሰብ። በእርሱ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። መሬቱ በቤትና በአስፋልት ከመሸፈኑ የተነሣ ከአሥሩ ስድስት እጅ ሳይሰርግ የሚወርድ ቢሆን 30,000 ሜትር ኩብ ወደ ሸለቆው ይደርሳል፤ ይኸውም በሰከንድ ከ8 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ወይም የሚሠራው ድልድይ ይህን ያህል ውሃ ማሳለፍ አለበት። በዚህ ስሌት ውስጥ የተዳፋቱ ስፋት አለ፤ የዝናቡ ብርታት አለ፤ የመሬቱ ጠባይ አለ። የዘፈን ቦታ ግን የለም። በየዓመቱ አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩበት በኮልፌ ቀራንዮ የሚሰርገው ውሃ እየቀነሰ፣ የሚወርደው እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ትናንት የበቃው ቱቦ ለነገ ላይበቃ ይችላል። በእርግጥም በመሐንዲሱ ፊት ያለው ሁልጊዜ ሌላ ውሃ ነው።

ምሳሌው በቆመበት ዳር የጃፓኑ መጽሐፍ ይጀምራል። ከበደ ሚካኤል ጃፓንን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመው ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውም ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዚያ ሕገ መንግሥት አርቃቂ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ተውኔት የጻፉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ተረትና ጃፓን በአንድ ኢትዮጵያዊ አእምሮ ውስጥ የተገናኙት በከበደ ሚካኤል ብቻ አይደለም። የዚያ ትውልድ ምሁራን ሕዝብን በምሳሌ መቀስቀስንና ከታሪክ መንገድ መፈለግን አንድ ሥራ አድርገው ይመለከቱት ነበር።

የመጽሐፉ ጥያቄ በርእሱ ላይ ተቀምጧል። «ጃፓን ሠለጠነች» አይልም፤ «እንደምን» ይላል። ይህች ቃል የመሐንዲስ ቃል ናት። ዘመናትን በሯን ዘግታ የኖረች አገር ነፃነቷን ሳታጣ የውጭውን ዕውቀት የራሷ ያደረገችው በምን መንገድ ነው? የደራሲው መልስ በዋነኛነት ትምህርት ነው።

ታሪኩ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። በ1853 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጦር መርከቦች በጃፓን ወደብ ቆሙ። በ1868 እ.ኤ.አ. የሜይጂ ዘመን ተጀመረ። በ1872 እ.ኤ.አ. የትምህርት አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከቶኪዮ እስከ ዮኮሃማ የመጀመሪያው ባቡር ሄደ። በ1873 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የምሕንድስና ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ኃላፊው ሄንሪ ዳየር የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ ነበር። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ለተግባር ሥራ የተመደቡ ነበሩ። በ1883 እ.ኤ.አ. ከዚያ የተመረቀው ታናቤ ሳኩሮ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው ከቢዋ ሐይቅ ወደ ኪዮቶ ከተማ ውሃ በሚያመጣ ቦይ ላይ ነበር። ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ አልቀረም፤ ወጣቱ ራሱ ሥራውን እንዲመራ ተደረገ፤ ቦዩም ከ1885 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ ተፈጸመ። በዓመቱ ከዚያው ውሃ የኤሌክትሪክ ኃይል መነጨ። አስተማሪው ከውጭ መጣ፤ ተማሪው የአገሩን ውሃ በአገሩ መሬት ላይ መራ። «እንደምን» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አይገኝም።

ነገር ግን የዛሬ አንባቢ የጃፓንን ታሪክ ሙሉውን ያውቃል። ያ የተገነባው ኃይል በ1910 እ.ኤ.አ. ኮርያን ለመያዝ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ማንቹሪያን ለመውረር አገልግሏል፤ መጨረሻውም በ1945 እ.ኤ.አ. የሂሮሺማና የናጋሳኪ አመድ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከኮልፌ መራቅ አያሻም። በአጠና ተራ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃልሏል፤ የቤት ማገርና የፎቅ መወጣጫ ሆኗል፤ ዛሬ እንግዳ ዛፍ ነው የሚለው የለም። ከዚህ ጋር ግን ውሃ መጣጭነቱንና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አለማብቀሉን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። መበደር ነውር አይደለም፤ ሳያሰሉ መበደር ነው ነውሩ።

እዚህ ላይ ምሳሌው ተመልሶ ታሪኩን ይመረምራል። ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጃፓን በአማርኛ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የኮርያ፣ የሲንጋፖርና የቻይና ተራ ደረሰ። በየስብሰባው የእነዚህ አገሮች ስም ይወደሳል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህ ከአዝማሪው ሥራ በምን ይለያል? የተወደሰችው ጃፓን ወርዳ አልፋለች፤ በፊት ያለው ሌላ ውሃ ነው። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ያለ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ያነበበ ሰው መጽሐፉን ወደ ውዳሴ ይለውጠዋል። አዝማሪውን ያለ ጃፓን ያነበበ ሰው ደግሞ በሌላው ስሕተት ስቆ፣ አላፊው ሰው እንዳደረገው፣ መንገዱን ይቀጥላል። አንደኛው ይዘፍናል፤ ሁለተኛው ይተቻል፤ ድልድይ የሚሠራ ግን ከሁለቱም አይወጣም።

የተከበራችሁ አባላት፤

የዚህ ማኅበር ሰዎች የሙያ ትምህርታቸውን በባዕድ ቋንቋ የተማሩ ናቸው። በዚያ ቋንቋ ማስላት ግድ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ነገር ግን በወንዙ ዳር ለቆመው ልጅ የተማሩትን በራሱ ቋንቋ ካልነገሩት ዕውቀቱ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። ከበደ ሚካኤል ለሕፃኑም ለሹሙም በአንድ አማርኛ ጽፈዋል፤ ለአንዱ ሲጽፉ ሌላውን አልናቁም።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ ይቀርባል። በመጪው ዓመት ፈቃደኛ የሆኑ አባላት በክፍለ ከተማው ወደሚገኙ ትምህርት ቤቶች ይሂዱ። በመጀመሪያ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ይነበብ፤ ተማሪዎቹም ይሳቁ። ቀጥሎ በሠፈራቸው የሚወርደው ውሃ በሜትርና በሰዓት ይለካ፤ ከላይ የተጠቀሰው ስሌትም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሠራ፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ተማሪ ይከተለዋል። በመጨረሻ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ይገለጥና «እንደምን» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ ይቅረብ። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ሜትርና ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ከዓመታት በኋላ በትንሹ አቃቂ ገባር ላይ ድልድይ ሊነድፍ ይችላል። ያን ቀን ንድፉን የሚጀምረው በልጅነቱ ከሳቀበት ቦታ ይሆናል። ወንዙም እንደ ልማዱ አይሰማም፤ ልጆቹ ግን ደብተራቸው ሳይረጥብ ይሻገራሉ።