ከማሽላ ማሳ የሚነሣ ምርምር

የእፅዋት በሽታ ጥናት ሰብልን የሚያጠቁ ፈንገሶችን፣ ባክቴሪያዎችን፣ ቫይረሶችን፣ ኔማቶዶችንና ጥገኛ ተክሎችን የሚመረምር ሙያ ነው። ከማጀቴ እስከ ሸዋሮቢት ማሽላ በሚዘራበት የይፋት ቆላ፣ ወደዚህ ሙያ ለሚገባ ሰው አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ ተክል ጥሩ መነሻ ነው። ገበሬው ሐምራዊ አበባውን ማሳው ላይ ሲያይ ጉዳቱ ከመሬት በታች ደርሶ አልቋል። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጣል። አበባ ላይ የደረሰውን አቀንጭራ መንቀል ለከርሞ ዘር እንዳይተርፍ ይረዳል፤ የዘንድሮውን ማሽላ ግን አይታደግም።

መፍትሔውም የተገኘው ከዚሁ ከሥሩ ነው። በወሎንኮሚ ተወልደው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሠርተው፣ ኬሚካሉን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን ለይተዋል። ከዚህ ሥራ የወጡት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ ደርሰዋል። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እርሳቸው ሰብል አዳቃይ እንጂ የበሽታ ተመራማሪ አይደሉም፤ ይህም ሊታወቅ ይገባል። በሽታን ማሸነፍ አዳቃዩን፣ ኬሚስቱን፣ የበሽታ ባለሙያውንና ገበሬውን አንድ ላይ የሚጠይቅ ሥራ ነውና።

በእፅዋት በሽታ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለመመረቂያ ጥናት። ሐሮማያ በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ተማሪው በቅድሚያ የሚማረው ትዕግሥት ነው። ከታመመው ቅጠል ተሕዋሱን ለይቶ ያሳድጋል፣ ጤናማ ተክል ላይ ያደርገዋል፣ ያው ምልክት መውጣቱን ያያል፣ በመጨረሻም ያንኑ ተሕዋስ መልሶ ያገኛል። በሮበርት ኮህ ስም የሚጠራው ይህ ሥርዓት ካልተሟላ ግምት እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

ምርምሩ በአንድ ድል አያበቃም። ዲገሉ የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግ የተባለውን በሽታ ስለተቋቋመ ገበሬው በሰፊው ዘርቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ አጠፋው። ዋጉ ስለሚለወጥ በየዓመቱ ናሙና መሰብሰብና መለየት ግድ ነው፤ የአምቦ ምርምር ማዕከል ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። በቢሾፍቱ ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የመጡ የስንዴ ዝርያዎች ለግንድ ዋግ ፈተና ይዘራሉ። የኢትዮጵያ ተመራማሪ እዚህ የሚያገኘው ውጤት ከአገሩ አልፎ ለሌላውም ይተርፋል።

ሙያው የሚያሠራው በፌዴራልና በክልል የምርምር ማዕከላት፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በዘር ድርጅቶችና በእፅዋት ኳራንቲን ኬላዎች ነው። ደመወዙ ሰውን አይስብም፤ ላቦራቶሪውም ኬሚካል ያጥረዋል። ይህን አውቆ መግባት ይሻላል። ለይፋት ግን ሙያው ትርፍ ነገር አይደለም። ማሾ ለገበያ የሚቀርብ ሰብል ሆኗል፤ ሽንኩርቱም በመስኖ ይለማል። የእነዚህ ሰብሎች በሽታዎች ስንዴ ያገኘውን ያህል ትኩረት አላገኙም። አረማሞ የተባለው የማሽላ በሽታና አቀንጭራም ከማሳው አልጠፉም።

ገበሬው ምልክቱን ያውቃል፣ መቼ እንደጀመረና የትኛው ማሳ እንደሚብስም ይናገራል፤ ይህን ቃል መዝግቦ የሚነሣ ጥናት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከግብርና ተመራቂዎች መካከል ትምህርታቸውን ለመቀጠል የሚያስቡ ሁሉ የጥናት ርዕሳቸውን ከዚህ ቆላ ማሳዎች እንዲመርጡ፣ ውጤቱንም ናሙናውን ለሰጣቸው ገበሬ ተመልሰው እንዲነግሩ አደራ ተጥሎባቸዋል።