በ5 መቀነስና ወደ 5 መቀነስ
(በምሩቃን የዳግም መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲለኝ፣ አብዛኞቻችሁ የጠበቃችሁት ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንዳወራ ነው። ዕድሜያችንን ሳየው እሱም ባልከፋ ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ መስተዋድድ ላወራ ነው። አዎ፣ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «ቱ» ስለሚባሉት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት። የቋንቋ ትምህርት ክፍል መምህራን ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል፤ ሳልጠራ ሜዳችሁ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምረን፣ እዚህ ግቢ ገብተን አናቶሚውን በእንግሊዝኛ ሸምድደን፣ ዛሬም ኢሜይል ስንጽፍ እጃችን የሚቆመው ረጅሙ ቃል ላይ አይደለም። ረጅሙንማ ለምደነዋል። እጃችን የሚቆመው «ማሪድ» ካልን በኋላ «ዊዝ» ነው ወይስ «ቱ» ስንል ነው። በእኛ ሰው የሚጋባው ከሰው ጋር ነውና «ዊዝ» ብለን እንጽፋለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ቱ» ይላል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» እንላለን፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይፈልግም። ታካሚው «ሳል ከጀመረኝ ሦስት ቀኔ» ሲለን ደግሞ ካርዱ ላይ «ሲንስ ስሪ ደይስ» ብለን እናሰፍራለን። ይህቺን እኔ ራሴ ለስንት ዓመት ጽፌያታለሁ! «ሲንስ» የሚፈልገው ነገሩ የተጀመረበትን ቀን ነው፤ «ሲንስ መንደይ» እንደማለት። የቆየበትን ጊዜ ልክ ለመናገር «ፎር» ነው።

ለምን እንቸገራለን ብትሉ፣ የእኛ «በ» ብዙ ሸክም ትችላለች። በቢላ ቆረጠ፣ በአውቶቡስ መጣ፣ በሁለት ሰዓት ደረሰ፣ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ በወባ ሞተ። አምስቱንም ያቺው አንዲት ፊደል ናት የያዘቻቸው። እንግሊዝኛው ለቢላው «ዊዝ»፣ ለአውቶቡሱ «ባይ»፣ ለሰዓቱ «አት»፣ ለቋንቋው «ኢን»፣ ለወባው «ኦፍ» ይላል። ስለዚህ ከአማርኛው ተነስቶ መተርጎም አያዋጣም። ቃሏን ከግሷ ጋር አንድ ላይ መያዝ ነው እንጂ።

ደግሞም ባለቤቶቹ ራሳቸው አይስማሙም። ቅዳሜና እሑድን እንግሊዞቹ «አት ዘ ዊክኤንድ» ሲሉ አሜሪካኖቹ «ኦን» ይላሉ። ፎርም መሙላትን አንዱ «ፊል ኢን» ሌላው «ፊል አውት» ይለዋል፤ ለንደንና ዋሽንግተን የምትኖሩ ጓደኞቻችን በዚህ መከራከር ትችላላችሁ። «ማሪድ ዊዝ» ያለ ሰው ትዳሩ አይፈርስም። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ቢበዛ ፈገግ ያሰኛል።

የማያስቀው ግን አለ። ይህንን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ኢንተርን ነበርኩ፣ ውስጥ ደዌ ክፍል። ሉፐስ የያዛት በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ሴት ተኝታለች። ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ ባለ 5 ሚሊግራሙን ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ተሽሏታል፣ መገጣጠሚያዋ ያበጠው ጎድሏል፣ መሄድ ጀምራለች። ዓርብ ጠዋት ራውንድ ላይ አስራ አምስት የምንሆን ሰዎች አልጋዋን ከበናል። ሲኒየር ሐኪሙ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ድክሪዝ ኢት ባይ ፋይቭ» አሉና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ። በደንብ የሰማሁት «ድክሪዝ» እና «ፋይቭ» የሚሉትን ነው፤ መካከል ያለችውን አልያዝኳትም። «ባይ» ናት ወይስ «ቱ»? ለአንድ አፍታ ተጠራጥሬያለሁ፣ ይህንን አልዋሽም። ልዩነታቸውን ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት «ይቅርታ ዶክተር፣ ባይ ነው ቱ ያሉት?» ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ኦርደሩ ላይ «ድክሪዝ ቱ 5» ብዬ ጻፍኩ። ከ40 ወደ 35 መውረድ የነበረበት ወደ 5 ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት ታካሚዋ ጠራችኝ። «ዶክተርዬ፣ ስምንት ነበር የምውጠው፣ ዛሬ ሲስተር አንድ ፍሬ ብቻ ሰጠችኝ» አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «ስለተሻለሽ ነው» አልኳት። እሷም «ተመስገን» አለች።

ያ «ተመስገን» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ለሳምንታት በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ስቴሮይድ እንደዚያ አይቆረጥም። ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረቱን ቀንሶ ይቆያል፤ በሽታውም መድኃኒቱ ሲጎድልበት ይነሳል። እሑድ ማታ ትኩሳት ጀመራት፣ ሰኞ ጠዋት መገጣጠሚያዋ አብጦ ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ ግፊቷም ወረደ። ሲኒየሩ ካርዱን ገልጠው ጽሕፈቴን አዩት። አልጮኹብኝም። «ምን ነበር ያልኩት?» ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ። መመለስ አልቻልኩም። መድኃኒቱ ተስተካከለ፤ እሷም ዳነች፤ ግን ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ተኛች። ያን ያህል ጊዜ ልጆቿ ጎረቤት ቤት ነበሩ።

ትእዛዙ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «በ5 ቀንሺ» እና «ወደ 5 ቀንሺ» ለእኔ ፈጽሞ አይምታቱብኝም ነበር።

ታዲያ አማርኛው ሁልጊዜ ያድናል ማለቴ አይደለም። «አንቲባዮቲኩን እስከ 6 ሰዓት ስጡት» ብል፣ ከ6 በፊት ሰጥታችሁ ጨርሱ ማለቴ ነው ወይስ 6 እስኪሆን መስጠታችሁን ቀጥሉ? የእኛ «እስከ» ሁለቱንም ትይዛለች። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን «ባይ»፣ ሁለተኛውን «አንቲል» ብሎ ይለያቸዋል። እዚህ ላይ እነሱ ይሻላሉ። የሞት የምስክር ወረቀት ስንሞላም እንዲሁ ነው። ብዙ አዛውንት ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር እያለባቸው ይሞታሉ፣ የገደላቸው ግን እሱ አይደለም። እንግሊዝኛው ይህን በ«ኦፍ» እና በ«ዊዝ» ብቻ ይጨርሰዋል። እኛ ሙሉ ሐረግ ያስፈልገናል። በኮቪድ ጊዜ በዚህች ልዩነት ስንት ክርክር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ።

አንዳንዴ ደግሞ የእንግሊዝኛውን መስተዋድድ አማርኛችን ውስጥ ይዘነው እንገባለን። ዋርድ ውስጥ «ኦክስጅን ላይ ነው»፣ «ኢንሱሊን ላይ ናት» እንባባላለን። አንዴ አንዲት እናትን «እማማ፣ ኢንሱሊን ላይ ነዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የለም ልጄ፣ ወንበር ላይ ነኝ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ!

የእኛንም ቋንቋ የሚማር የውጭ ሰው ከእኛ ያነሰ አይቸገርም። እኛ ጉዳዩን ግሱ ጫፍ ላይ እንሰካዋለን። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»፣ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»። በአንዲት ፊደል ሰው ነፃ ይወጣል ወይም እስር ቤት ይገባል። ማናችንም ይህንን በሕግ አልተማርነውም፤ ከእናቶቻችን አፍ ነው የሰማነው። እንግሊዝኛው ግን ከመጽሐፍ ስለመጣልን ነው መሰለኝ እንደ ትንሽ ነገር የምናልፈው።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ክፍል ውስጥም፣ ዋርድ ውስጥም፣ ተማሪ በአማርኛ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አትሳቁበት። አንዳንዶቻችሁ ትስቁብን እንደነበር እናስታውሳለን፤ በፍቅር እንደነበር ይገባኛል፣ እኛ ግን ከዚያ በኋላ ዝም አልን።

እኔ አሁን መጠን ስቀይር የሚቀረውን ቁጥር ነው የምናገረው። «ከነገ ጀምሮ 35» እላለሁ። ኢንተርኑ መልሶ ይነግረኛል፣ በፈለገው ቋንቋ። በቅርቡ ለቀዶ ሕክምና የምትዘጋጅ ታካሚ ዘንድ ቆሜ፣ ምንም እንዳትቀምስ፣ «አንቲል ሲክስ» አልኩ። መስተዋድዷን አጥርቼ፣ ቀስ ብዬ ተናገርኩ፤ በራሴም ትንሽ ኮራሁ። አንድ ተማሪ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ በፈረንጅ ስድስት ነው በእኛ?»

ጠዋት 12 ሰዓት ለማለት ነበር። ሲስተር እኩለ ቀን ብላ ጽፋው ነበር። አስተካከልነው።